ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ውሃ፦ ለጡብ ቤት የትኛው ጥገና ይሻላል?

ቀለሙ አብጧል። ከዞኮሎው በላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የታፈነ ሽታ ይሸታል። ግድግዳውን ሲያንኳኩት ልስኑ ባዶ ድምፅ ያሰማል። ባለሙያ ሲጠራ ደግሞ ግራ መጋባቱ ይጀምራል። ቀለም ቀቢው «ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ይቀባ» ይላል። ለሳኙ «ልስኑ ይነሳና በሲሚንቶ ይለሰን» ይላል። ሌላው መጥቶ ግድግዳው ተበስቶ ኬሚካል መወጋት አለበት ብሎ ይሄዳል።

ሰዎቹ እየዋሹ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ነው የሚመክረው። እያንዳንዱ ዘዴም በቦታው ይሠራል። ያለቦታው ከገባ ግን ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ የጡቡን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ የምርት ስም ወደ ጎን ትተን ዘዴዎቹን በአንድ ሚዛን እናስቀምጣቸው።

## ከሁሉ በፊት፦ ውሃው በየት ገባ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የውሃው መንገድ ሳይታወቅ ዘዴ መምረጥ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። መንገዶቹ በአብዛኛው አራት ናቸው።

ዝናብ። ነፋስ እየገፋ ግድግዳ ላይ የሚመታው ዝናብ በብዛት የሚገባው በጡቡ አካል አይደለም። ጡቡና ሞርታሩ (ጡቦቹን የሚያያይዘው ድብልቅ) በተላቀቁበት፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ነው። እርጥበቱ በዘነበ ማግስት ይሰፋል፤ ሲያባራ ይቀንሳል። መስኮት ዙሪያ፣ የጣሪያ ጠርዝ ስር፣ የተቀደደ አሸንዳ አጠገብ ፈልጉት። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ደረቅ ቀን ጠብቁና በጎማ ቱቦ ውሃ አፍስሱበት። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና የገባበት ቦታ አይለይም።

ከመሬት የሚወጣ እርጥበት። ጡብና ሞርታር ጥቃቅን ቀዳዳ ስላላቸው ከታች ያለውን ውሃ እየመጠጡ ወደ ላይ ይስቡታል። ብዙውን ጊዜ ከወለል አንድ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ከመውጣቱ በፊት ይተናል። በቆመበት ቦታ ያመጣውን ጨው ይተዋል። ከወለሉ ጀምሮ ወጥቶ ወጣ ገባ ባለ የጨው መስመር የሚያልቅ እርጥበት ከሆነ ይኼ ነው። ኮርኒስ አካባቢ ያለ እርጥበት ግን ከመሬት የመጣ ነው ቢሏችሁ እንዳታምኑ።

ቧንቧና ፍሳሽ። ዘነበም አልዘነበም የማይለወጥ እርጥበት ሲሆን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቧንቧ ነው። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ውሃ ሳይጠቀም ይቆይና እንደገና እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። የፍሳሽ መስመር ግን በቆጣሪ አይታወቅም። መታጠቢያ ቤቱን ለጥቂት ቀናት ሳትጠቀሙበት እርጥበቱ መቀነሱን ማየት ይሻላል።

ጤዛ። የክፍሉ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ክፍሉ ጥግ ላይ፣ ከአልጋ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ጥቁር ሻጋታ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን የግድግዳ ማፍሰስ ይመስለዋል።

ጤዛን ከግድግዳ ውሃ የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ። የማብሰያ ፎይል ቁረጡና እርጥብ በሚመስለው ቦታ ላይ አድርጉት፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ አሽጉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጠብታው የክፍሉን አየር በሚነካው በኩል ካለ ጤዛ ነው። ከፎይሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው እየወጣ ነው።

ስለ እርጥበት መለኪያ መሣሪያም ልናገር። ሁለት መርፌ ያለው ትንሹ መሣሪያ የተሠራው በዋናነት ለእንጨት ነው። የሚለካው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው። ጨው ያለበት ግድግዳ ላይ ስታስጠጉት ግድግዳው ደረቅ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መሣሪያው ስለጮኸ ብቻ «መሬት የሚያመጣው እርጥበት ነው» ብሎ ውል ሊያስፈርማችሁ የሚቸኩል ሰው ካለ ቆም በሉ። ከግድግዳው ናሙና ተፈልፍሎ ክብደቱ ከመድረቁ በፊትና በኋላ ሲለካ ነው እውነተኛው መጠን የሚታወቀው።

## የምንመዝንባቸው ነጥቦች

1. ዘዴው ውሃውን ከምንጩ ያቆማል ወይስ ምልክቱን ይሸፍናል?
2. ከጥገናው በኋላ ግድግዳው መተንፈስ ይችላል? ማለትም ውስጡ ያለው እርጥበት በትነት መውጫ አለው?
3. ነገ ስህተት መሆኑ ቢታወቅ መልሶ ማንሳት ይቻላል?
4. ስንት ዓመት ያገለግላል?
5. ወጪውና የቤተሰቡ መንገላታት ምን ያህል ነው?

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አምስተኛውን ነው። በእኔ እምነት የጡብ ቤት ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የጡብ ግድግዳ ውሃ እንዳይነካው ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ውሃ ይጠጣል፤ ኋላ ይደርቃል። ችግር የሚፈጠረው ከሚደርቀው በላይ ሲጠጣ ነው፤ ወይም እኛ ማድረቂያ መንገዱን ስንደፍንበት።

## አማራጭ 1፦ ውሃውን ከግድግዳው ማራቅ

የተዘጋ አሸንዳ መጥረግ፣ የተላቀቀ ቋሚ ቱቦ መግጠም፣ ግድግዳ የተደገፈ አፈርና የአበባ መደብ ማንሳት። ከቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። የውጭው መሬት ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ካለው የእርጥበት መከላከያ ንጣፍ (ከመሬት የሚወጣውን ውሃ ለመቁረጥ በግርጌው በአግድም ከተዘረጋው) ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ዙሪያውን ሊሾ ወይም ንጣፍ ሲደረግ መሬቱ ከፍ ይልና የመከላከያ ንጣፉ ይቀበራል። እርጥበቱም በላዩ ላይ ተሻግሮ ይገባል።

ባለ ሁለት ድርድር ግድግዳ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ቤት ያላችሁ ደግሞ የውጭውን ጡብ ታችኛ ረድፍ ተመልከቱ። በየተወሰነ ርቀት ሞርታር የሌለበት ቀጭን ክፍተት ታያላችሁ። የሥራ ጉድለት አይደለም። የገባው ውሃ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። «ቀዳዳ ነው» ተብሎ በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ሲደፈን ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይዞራል። ተደፍኖ ካገኛችሁት አስከፍቱት።

ይህ አማራጭ ርካሽ ነው፤ አይጎዳም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ብቻውን ይበቃል። እንዲያም ሆኖ ማንም አይመክራችሁም፤ የሚሸጥ ነገር ስለሌለበት ይመስለኛል።

## አማራጭ 2፦ መጋጠሚያውን ማደስ

ዝናብ ለሚያስገባ ግድግዳ ዋናው ጥገና ይኼ ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው ያረጀ ሞርታር ይፈለፈላል፤ አዲስ ይሞላል። ጥያቄው በምን ይሞላ ነው። በኖራ ወይስ በሲሚንቶ?

መመሪያው አንድ ነው፤ ሞርታሩ ከጡቡ ይልቅ ለስላሳ መሆን አለበት። ግድግዳ በሙቀትና በእርጥበት ይንቀሳቀሳል። ሞርታሩ ለስላሳ ከሆነ መንቀሳቀሱን እሱ ይሸከማል። ከጡቡ የጠነከረ ከሆነ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው። ውሃም እንደዚሁ ነው። ኖራ እርጥበት ያስተንፍሳል፤ ውሃውም ጨውም በመጋጠሚያው በኩል ይወጣሉ። ጠንካራ ሲሚንቶ ይህን በር ሲዘጋ ውሃው በጡቡ ፊት በኩል መውጣት ይጀምራል። ጨው ጡቡ ውስጥ ይረጋል፤ ፊቱ እየተላጠ ይወድቃል። ጡቡ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ፣ ሲሚንቶው ብቻ እንደ መረብ ወጥቶ የቀረ ግድግዳ ካያችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው።

ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1824 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን ስም ቢመዘገብም፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተገነቡ የጡብ ቤቶች በአብዛኛው የተያያዙት በኖራ ነው። የእናንተን ለማወቅ ምስማር በቂ ነው። ሞርታሩን ቧጭሩት። ከተፈረፈረና ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ ኖራ ነው። ግራጫ ከሆነና ምስማሩ ጭረት ብቻ ትቶ ከተንሸራተተ ሲሚንቶ ነው። በሲሚንቶ የተሠራ አዲስ ቤት፣ ጡቡም ጠንካራ ከሆነ፣ ሲሚንቶና ኖራ የተቀላቀለበት ሞርታር ይስማማዋል። አሮጌ ቤት ከሆነ ኖራውን አትልቀቁ። ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ጡቡን ያተርፋል።

አሠራሩን ቆማችሁ ተከታተሉ። የሚፈለፈለው ጥልቀት ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን፤ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነ መጋጠሚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር። ላዩን ብቻ የተቀባ ሞርታር በአጭር ጊዜ ይረግፋል። ግራይንደር ሲጠቀሙ የጡቡን ጠርዝ እንዳይበሉት ተጠንቀቁ፤ በተለይ ቋሚ መጋጠሚያዎቹ ላይ በመሮ መሥራት ይሻላል። ከመሙላቱ በፊት አቧራው ይጠረግ፤ መጋጠሚያው በውሃ ይረጠብ። ደረቅ ጡብ የአዲሱን ሞርታር ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። አሞላሉም ተደራራቢ ይሁን፤ አንዱ ጠንከር ሲል ሌላው። ከዚያ ለቀናት ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውርጭ በእርጥብ ጨርቅ ይከለል።

በደንብ የተሠራ መጋጠሚያ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ጉልበት ስለሚፈጅ ዋጋው መካከለኛ ነው። ሁሉም ግድግዳ አንዴ መታደስ የለበትም፤ የተበላውን ፊት ብቻ መምረጥ ይቻላል።

## አማራጭ 3፦ የውጭ ቅብ

በአንድ ስም «ዋተር ፕሩፍ» እየተባሉ የሚሸጡት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ወደ ጡቡ የሚሰርግ ፈሳሽ ነው። ሳይሌን ወይም ሲሎክሴን የሚል ጽሑፍ ጣሳው ላይ ታገኛላችሁ። የጡቡን ቀዳዳ አይደፍንም። የቀዳዳዎቹን ውስጣዊ ገጽ ውሃ የማይወድ ያደርገዋል። ጠብታ ውሃ አይገባም፤ እንፋሎት ግን ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ዓይን አይለየውም። ድክመቱ ስንጥቅ አለመዝጋቱ ነው። መጋጠሚያው ክፍት ሆኖ ይህን መቀባት ትርጉም የለውም። ደግሞ አንዴ ከሰረገ አይወጣም። ከዓመታት በኋላም እየደከመ ስለሚሄድ መደገም ይፈልጋል።

ሁለተኛው ላዩ ላይ ሽፋን የሚሠራ ቀለም ነው፦ አክሪሊክ፣ የዘይት ቀለም፣ የሚለጠጥ ጎማ መሰል ቅብ። ለዓይን ያምራል፤ ለጊዜው ያደርቃል። ጡብ ላይ ግን አልመክረውም። አንዲት ስንጥቅ ውሃ ታስገባለች፤ ሽፋኑ ግን አያስወጣውም። ውሃው ከሽፋኑ ጀርባ ይጠራቀማል። ቀዝቃዛ አካባቢ ከሆነ ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ የጡቡን ፊት ይነቅለዋል። ቀለሙን ማስነሳትም ሌላ ጣጣ ነው፤ በአሸዋ ግፊት ሲፈገፍግ በእሳት የጠነከረው የጡብ ፊት አብሮ ይሄዳል።

ፈሳሹ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ለማወቅ ደረቅ ጡብ ላይ ውሃ እርጩ። ወዲያው ጠጥቶ ከጠቆረ ይጠቅመዋል። ውሃው ጠብታ ሆኖ ከወረደ ገንዘባችሁን ለመጋጠሚያው አውሉት። ከመሬት እርጥበት የሚስብ ወይም ጨው የሚያወጣ ግድግዳ ላይ ግን ሁለቱንም ዓይነት አትቀቡ። ጨው ከተቀባው ንብርብር ጀርባ ይረጋና ጡቡን ከውስጥ ይገፈዋል።

## አማራጭ 4፦ ኬሚካል መውጋት

ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ለመቁረጥ፣ ከታችኛው መጋጠሚያ በአንዱ ላይ ቀዳዳ ይበሳል። ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት በየ12 ሳንቲ ሜትር ነው። በክሬም መልክ ያለ የሲሊኮን ውህድ ይሞላል፤ እየሰረገ አግድም መስመር ይሠራል።

ችግሩ በእውነት ከመሬት ከሆነ ይረዳል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን አማራጭ 1ን ጨርሱ። ብዙ ቤት የመከላከያ ንጣፍ አለው፤ በአፈር ወይም በልስን ተሸፍኖ ነው ሥራውን ያቆመው። አፈሩን ማንሳት ከመብሳት ይቀድማል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። መስመሩ ከተቆረጠ በኋላም ቀድሞ የወጣው ጨው ልስኑ ውስጥ ይቀራል። ከአፈር የሚመጣው የክሎራይድና የናይትሬት ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ልስኑ ካልተነሳ ግድግዳው ርጥብ እንደመሰለ ይቆያል፤ ሰውም «ኬሚካሉ አልሠራም» ይላል። ስለዚህ ጨዉ ከታየበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው ልስን መነሳት አለበት። የዋጋ ስምምነት ስትጠይቁ ይህ መካተቱን አረጋግጡ።

## አማራጭ 5፦ ከውስጥ መሸፈን፣ ከውጭ መቆፈር

ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ከውስጥ መለሰን ከመሬት በላይ ላለ ግድግዳ ትክክል አይደለም። ክፍሉ ደርቆ ይታያል፤ ግድግዳው ግን ርጥብ ነው። ውሃው ከሽፋኑ በላይ ይወጣል ወይም ጎረቤት ክፍል ይሄዳል።

ከመሬት በታች ላለ ክፍል ነገሩ ይለያል። እዚያ ውጪው አፈር ስለሆነ ከውስጥ ከመለሰን ሌላ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ከውጭ እስከ መሠረቱ ቆፍሮ ግድግዳውን በሜምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ) መሸፈንና ከታች ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ መቅበር ነው። ከምንጩ ያቆማል፤ ግን ውድ ነው፤ መሠረት አካባቢ መቆፈር ስለሆነም መሐንዲስ ሳያየው አይነካም። ሁለተኛው ከውስጥ ጉብታ ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ ገጥሞ፣ የገባው ውሃ ከጀርባው ወርዶ በፓምፕ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ውሃውን አያቆመውም፤ መንገድ ይሰጠዋል። ፓምፑ ካልተጠበቀ ግን ዋጋ የለውም።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| ዘዴ | ለየትኛው ውሃ | ምንጩን ያቆማል? | ግድግዳው ይተነፍሳል? | ይመለሳል? | ዕድሜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አሸንዳና ተዳፋት | ዝናብ፣ ከመሬት | አዎ | አዎ | አዎ | በየጊዜው ከተጠረገ ረጅም | ዝቅተኛ |
| የኖራ መጋጠሚያ | ዝናብ | አዎ | አዎ | አዎ | ረጅም | መካከለኛ |
| የጠንካራ ሲሚንቶ መጋጠሚያ | ዝናብ፣ ጠንካራ ጡብ ላይ ብቻ | አዎ | በጥቂቱ | በጭንቅ | ረጅም፤ አሮጌ ጡብን ይጎዳል | መካከለኛ |
| የሚሰርግ ፈሳሽ | ዝናብ | በከፊል | አዎ | አይ | ይደገማል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ሽፋን የሚሠራ ቀለም | ለጡብ አይመከርም | አይ | አይ | በጭንቅ | አጭር | ዝቅተኛ፤ ኋላ ከፍተኛ |
| ኬሚካል መውጋት | ከመሬት | አዎ፣ ምርመራው ትክክል ከሆነ | አዎ | አይ | ረጅም | ከመካከለኛ በላይ |
| ከውስጥ መለሰን | ከመሬት በታች ብቻ | አይ | አይ | በጭንቅ | እንደ አሠራሩ | መካከለኛ |
| የውጭ ቁፋሮ | ከመሬት በታች | አዎ | ወደ ውስጥ | አይ | ረጅም | በጣም ከፍተኛ |

ቧንቧና ጤዛ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌሉት ማወዳደር ስለማያስፈልጋቸው ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ይጠገናል። ጤዛ ደግሞ በአየር ዝውውር፣ የማብሰያና የመታጠቢያ እንፋሎትን ወደ ውጭ በማስወጣት፣ ዕቃን ከግድግዳ ትንሽ በማራቅ ይቀንሳል።

## ለማን የትኛው?

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ በአማራጭ 1 ጀምሩና አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቁ። እርጥበቱ የደረሰበትን ጠርዝ በእርሳስ አስምሩ፤ ቀኑንም ጻፉበት። ጠርዙ ወደ ኋላ ካፈገፈገ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

አሮጌ ቤት ካላችሁ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ። ከሁሉም ወጪ ይህኛው ቢበልጥ አይቆጫችሁም። መጀመሪያ አንድ ሜትር ካሬ በማይታይ ቦታ ያሠሩትና አይታችሁ ቀጥሉ።

ዝናብና ነፋስ የሚበረታበት ቦታ ከሆነ መጋጠሚያውን አድሳችሁ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የሚሰርገውን ፈሳሽ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳውን አትንኩ። የፎይሉን ሙከራ ውጤትና ቀን ያለው ፎቶ ይዛችሁ አከራዩን አነጋግሩ። ጤዛ ከሆነ ብዙው በእጃችሁ ነው።

ቤት ልትገዙ ከሆነ አዲስ የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። የእንጨት ወለል ወይም የጣሪያ አግዳሚ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከሰመጠ በስብሷል፤ ዋጋው ላይ መነጋገር አለባችሁ። ከመስኮት በላይ ያሉ ጡቦች በአግድም ተሰንጥቀው ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አብጦ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው።

## ምንጩ ከተዘጋ በኋላ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው። ግድግዳ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። በተለመደው ግምት በወር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይደርቃል። ሙሉ የጡብ ርዝመት ውፍረት ያለው፣ 22 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ማለት ዘጠኝ ወር አካባቢ ነው። ሥራው ባለቀ ሳምንት ቀለም የሚቀባ ሰው ውሃውን ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚሄደው። መስኮት ይከፈት፤ አየር ይዘዋወር። ክፍሉን በጣም ማሞቅ ግን ልስኑን ይሰነጥቃል።

ነጩን ጨው በውሃ አትጠቡት፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉትና አቧራውን ሰብስባችሁ ጣሉት። እስኪያቆም ድረስ በየጊዜው ይወጣል። ሻጋታ ስታጸዱ ማስክና ጓንት አድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ክፍሉ ውስጥ አይሁን። ሻጋታ የያዘው ጂፕሰም ቦርድ ወይም ምንጣፍ ከሆነ ማጽዳቱ አያዋጣም፤ ይውጣ።

ሲለሰን እርጥበት ባለበት ግድግዳ ላይ ጀሶ አይግባ፤ ውሃ ሲነካው ይላላል። የኖራ ልስን ተጠቀሙ። ቀለሙም የኖራ ወይም ትንፋሽ የሚያሳልፍ የማዕድን ቀለም ይሁን። ከባዱን ቁም ሳጥን ወደ ቦታው ከመመለሳችሁ በፊት የፎይሉን ሙከራ አንድ ጊዜ ድገሙት።